በገበያ ቀን የሚጮኸው ፍሪጅ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከተማሪዎቼ ጀርባ እየዞርኩ የእያንዳንዳቸውን ኮምፒዩተር አይ ነበር። አርባን ካለፍኩ ወዲህ መዞርም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ይደክማል፤ መነጽሬን አንዴ ወደ ግንባሬ፣ አንዴ ወደ አፍንጫዬ ስመልስ እውላለሁ። የመካነ ሰላም ጭጋግ ከመስኮቱ አልነሳ ብሎ ስለነበር ተማሪዎቹ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ነበር የሚሠሩት።

የዕለቱ ትምህርት ሰርኪት ቦርድ ላይ ግራውንድ ፕሌን መሥራት ነው። ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርኪት ቦርድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚተከሉበት፣ በስስ መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ ነው። የምንፈልጋቸውን መስመሮች ብቻ እናስቀርና የቀረውን መዳብ አሲድ ይበላዋል። ብልህ ሰው ግን በመስመሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ መዳብ እንደለበሰ ይተውና ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ያገናኘዋል። ግራውንድ የሚባለው እሱ ነው፤ የዕቃዎቹ ሁሉ የጋራ መመለሻ ይሆናል፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻም እዚያው ሰምጦ ይቀራል። በኮምፒዩተር ሲሠሩት ቀላል ነው፤ ዙሪያውን ያጥሩታል፣ ግራውንድ ነህ ይሉታል፣ ሙላ ይሉታል፣ ይሞላል።

ሰብለ የምትባል የደጎሎ ልጅ እጇን አነሳች።

“ቲቸር፣ ሁሉንም ሞላሁት። ግን ይቺ መሀል ያለችው ቁራጭ ከምንም ጋር አልተገናኘችም መሰለኝ። ምን ላድርጋት?”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስክሪኑ ላይ መዳቡ በሰማያዊ ስለሚታይ ሰሌዳው ሰማያዊ በሰማያዊ ሆኗል። መሀሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ ዙሪያዋን በመስመሮች ተከባ፣ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ከእሷ ተነስታ ወደ ትልቁ መዳብ የምትሄድ ቀጭን ቢጫ ክር አለች። ፕሮግራሙ በዚያች ክር ነው “እዚህ ጋ መገናኘት ነበረባችሁ፣ አልተገናኛችሁም” የሚለው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰብለ ያመመኝ መስሏት ውሃ ላምጣ አለችኝ። አላመመኝም። ያቺን ቢጫ ክር ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ሳላያት አልፌ፣ አንድ እውነተኛ ሰው ቃሉን የሚያምንለት አጥቶባታል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በኤሌክትሮኒክስ በዲፕሎማ ተመርቄ እዚሁ ማሠልጠኛ በሙከራ ስቀጠር ሰፈሩ ጉድ አለ። የሰይድ ልጅ ሬዲዮ ትፈታለች ተባለና፣ ገና ደመወዝ ሳልቀበል የተበላሸ ሬዲዮ በየኩታው ሥር እየተሸሸገ ቤታችን ይመጣ ጀመር። አባቴ ሰው መመለስ አይሆንለትም፤ ሁሉንም ተቀብሎ መደቡ ላይ ይደረድርልኛል። የገጠመውን ሁሉ እችለዋለሁ የሚል ልብ ነበረኝ። ያ ልብ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ዛሬ አንድ ሬዲዮ ሲመጣብኝ ቀድሜ የማስበው የምመልስበትን ሰበብ ነው።

ጋሽ ይመርን ያወቅኳቸው በዚያው ዓመት በክረምቱ መውጫ ነው። ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የገበያ መንደር፣ የጤና ጣቢያው የክትባት ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኪሳቸው የገብስ ቆሎ የማያጣ ሰው። እጅዎ ላይ ቆሎ ሳይዘግኑ ጉዳያቸውን አይጀምሩም። ያን ቀን ዝናቡ ጫማቸውን አበስብሶት፣ ከኮቴያቸው በታች ጭቃ እያተሙ ወርክሾፓችን ገቡ።

“አማን ናችሁ? መዲና የምትባለዋ አንቺ ነሽ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ነኝ ጋሼ።”

ቆሎ ዘገኑልኝ፤ ከዚያ ነገሩኝ። መንደሩ መብራት ከገባለት ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ክትባት ከስምንት ዲግሪ በላይ ሞቆ ከቆየ ይበላሻል። ቤታቸው ከጤና ጣቢያው የግማሽ ሰዓት መንገድ ስለሆነ፣ መብራት መጥፋቱን የሚያውቁት ጠዋት ሲደርሱ ነው።

“ፍሪጁ ሲሞቅ የሚጮህ ነገር ብትሠሪልኝ ዘበኛው ሰምቶ ይጠራኛል” አሉኝ። “እናት ልጇን አዝላ ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ፣ ክትባቱ ተበላሽቷል ስትባል ፊቷን የማየው እኔ ነኝ። ሌላው ሪፖርቱን ነው የሚያየው።”

“አብሽሩ ጋሼ፣ ይቻላል” አልኳቸው።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ ከእኔ በላይ ደስ አላቸው። ትምህርት ቤቱ ለኅብረተሰቡ ሠራ ማለት ነው። ቢሯቸው ያለውን ኮምፒዩተር ለቀቁልኝ። የሰርኪቱን ፕሮግራም ከኮሌጅ በሲዲ ገልብጬው ስለመጣሁ፣ ኃላፊው ለስብሰባ ሲወጡ እየገባሁ፣ ሲመለሱ እየወጣሁ፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በባትሪ እንዲሠራ አድርጌ ሰሌዳውን በሁለት ሳምንት ነደፍኩት። ስክሪኑ ያረጀ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር የሠራሁት ይጠፋና ከሥር እጀምራለሁ።

ባዶውን ቦታ በመዳብ ለመሙላት የወሰንኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ትምህርቱ ነው፤ ረብሻ ይቀንሳል። ሁለተኛው እውነተኛው ነው፤ አሲዳችን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣ፣ ካለቀ መቼ እንደሚተካ የማይታወቅ። የሚበላው መዳብ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይቆያል። እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ከመጽሐፉ ምክር ይልቅ የዕቃ እጦት ይበልጥ ጥሩ ተማሪ ያደርጋል።

ከዚያ ፕሮግራሙ ጠየቀኝ፤ የሚሞላው መዳብ ከሌሎቹ መስመሮች ምን ያህል ይራቅ?

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። አባቴ ገበሬ ብቻ ሳይሆን የወሰን ሽማግሌ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች በማሳ ዳርቻ ሲጣሉ የሚጠሩት እሱን ነው። እሱ የሚሄድበት ጠብ ብዙ ጊዜ ዱላ ከተማዘዙ በኋላ ስለሆነ፣ ቤታችን የምንሰማው ወሬ ሁሉ እገሌ ወሰን ገፍቶ እገሌ ተፈነከተ ነው። እኛ ቤት ወሰን መግፋት ከሌብነት ይብስ ነበር። አባቴ ሲያርስ ማሳው ዳር ከመድረሱ በፊት አንድ ክንድ ቀድሞ በሬዎቹን ይመልሳል፤ ያቺ ክንድ ሳር እንደበቀለባት ትኖራለች። “ክንዷ አታደኸየኝም” ይል ነበር፤ “ጠቡ ግን ያደኸየኛል።”

እኔም ፕሮግራሙ ሲጠይቀኝ የአባቴን ክንድ ሰጠሁት። ከሚገባው ሦስት እጥፍ የሚሆን ስፋት ጻፍኩ። ማንም ማንን እንዳይነካ። እርግጥ ነው፣ የንድፉን ቀለም ከወረቀት ወደ መዳቡ የማትመው በከሰል ካውያ ስለሆነ፣ ጠባብ ክፍተት ይደፈናል ብዬም ፈርቻለሁ። ግን ካውያው ሰበብ ነው። እጄ ያንን ቁጥር የጻፈው ሳያመነታ ነበር።

ሙላ አልኩት። ሞላ። ያ የደበዘዘ ስክሪን ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ሲሆን ውዬ ያደርኩበት ድካም ጠፋ። አየሽ መዲና፣ አልኩ ለራሴ።

ያላየሁት ይህንን ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ መዳቡ በዕቃዎቹ እግሮች መካከል ማለፍ አቃተው። መሀል ላይ አንዲት ቁራጭ ከዋናው ተቆርጣ ቀረች። ቢጫዋ ክር ነበረች፤ በዚያ ስክሪን ላይ በሰማያዊው መሀል ፀጉር ታህላለች። ያልተገናኘ ነገር ካለ የሚቆጥር የፍተሻ ትእዛዝም ፕሮግራሙ ላይ አለ። አልፈተሽኩም። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ በከተማው ለዚህ ሥራ የሚሆን ፕሪንተር ያላት አንዲት ጸሐፊ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ አትመለስም። ሮጥኩ።

ወረቀቱን ገልብጬ በከሰል ካውያ መዳቡ ላይ ተኮስኩት፤ ቀለሙ የሸፈነውን መዳብ አሲድ አይበላውም። አሲዱን በፕላስቲክ ሳፋ አድርጌ ፀሐይ ላይ አወጣሁት፤ ብርድ ላይ አሲድ ይሰንፋል። ሰሌዳው ታጥቦ ሲወጣ መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቅ ነበር። አባቴ በሁለት ጣቱ ይዞ ገለባበጠና “ወሰኑ ደግ ነው” አለ። ከምረቃዬ ቀን በላይ ደስ ያለኝ ያን ዕለት ነው።

ጥቅምት ላይ ልንተክለው ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ እግሬ ሥር አንድ ሰው በግ አስተኝቶ፣ የባቄላ እሸት እየፈለፈልን እየበላን፣ ገብሱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ። ጋሽ ይመር የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች ሰብስበው ጠበቁኝ። የሙቀት መለኪያውን ፍሪጁ ውስጥ አስገባሁና ትንሽ ቆይቼ አውጥቼ በመዳፌ ያዝኩት። ጮኸ። ሰዉ አጨበጨበ። ከእኔ ጋር የመጡት የማሠልጠኛው ኃላፊ ንግግር አደረጉ። ጋሽ ይመር ግን ኪሴን በገብስ ቆሎ ሞሉት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ፍሪጁ ጮኸ። ዘበኛው ሮጠ፣ ጋሽ ይመር ሮጡ፤ ከፍተው ሲያዩ ፍሪጁ አራት ዲግሪ ነው፣ ምንም አልሆነም። በሚቀጥለው ማክሰኞ አራት ጊዜ ጮኸ። ልከውብኝ ሐሙስ ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ትንፍሽ አላለም። ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ በተቀመጠው የውሃ ማሰሮ አጠገብ ቆመው ጋሽ ይመር እንዲህ አሉኝ፦

“መዲና፣ እኔ ልብ ያልኩት፣ የመንደሩ ወፍጮ ሲነሳ ነው የሚጮኸው። ማክሰኞ ገበያ ስለሆነ ወፍጮው ይነሳል፣ ያርፋል፣ ይነሳል። ሐሙስ አይሠራም።”

“ወፍጮውና ፍሪጁ ምን አገናኛቸው ጋሼ?” ብዬ ሳቅኩ። ባለ ዲፕሎማዋ እኔ ነኛ።

ያን በጋ እንዴት እንደደከሙ አሁን ሳስበው ያመኛል። ከሶላት ላይ ተጠርተዋል። ከለቅሶ ቤት ተጠርተዋል። ምሳ ቀርቦላቸው ሳይጎርሱ ግማሽ ሰዓት ሮጠው፣ ከፍተው፣ አራት ዲግሪ አይተው፣ ዘግተው ተመልሰዋል። የመንደሩ ልጆች “ይመር፣ ፍሪጁ አለቀሰ!” እያሉ መንገድ ላይ ይቀልዱባቸው ነበር። በመጨረሻ የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ስድስት ጊዜ ከሮጡ በኋላ፣ በመቀስ የመጮኺያውን ሽቦ ቆረጡት።

በመጋቢት አጎታቸው ሞቶባቸው ለሁለት ቀን ወደ አጅባር ሄዱ። መብራት በዚያው ቀን ጠፋ። የተካቸው ሰው ቴርሞሜትሩን ሳያይ ወረቀቱን ሞልቶ ሄደ። የክትባቱ ቀን እናቶች ከየጎጡ ሲመጡ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሞቆ ነበር። ልጆቻቸውን አዝለው እንደመጡ ተመለሱ። ጋሽ ይመር በር ላይ ቆመው አንድ በአንድ “አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ በሚመጣው ወር ኑ” ሲሉ ውለዋል፤ ይህንን የነገረኝ ዘበኛው ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔንም ጠሩኝ። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ፣ ጋሽ ይመር በጎን በኩል አግዳሚ ላይ፣ የተቆረጠው ሽቦ ጠረጴዛው ላይ።

“መሣሪያው ትክክል ይሠራ ነበር?” አሉኝ።

“ስተክለው ይሠራ ነበር።”

“እሳቸው ወፍጮው ሲነሳ ያለ ምክንያት ይጮሃል ይላሉ። የወፍጮ ድምፅ ሊያስጮኸው ይችላል?”

“ድምፅ ሊያስጮኸው አይችልም” አልኩ።

“እኔ ድምፅ አላልኩም” አሉ ጋሽ ይመር ከአግዳሚው ላይ። “ሲነሳ ነው ያልኩት።”

ሰብሳቢው ሳቁ። “ታዲያ ምንድን ነው፣ ወፍጮው ጅን አለበት?”

ሌሎቹም ሳቁ። ጋሽ ይመር ወደ እኔ ተመለከቱ። ከእኔ አንድ ቃል የሚጠብቁ ይመስለኛል፤ እስኪ ልይ፣ ልፈትሽ፣ ጊዜ ስጡኝ፣ ማለት እችል ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ኃላፊዬ መሣሪያውን ለዞን እንግዶች ሁሉ አውርተውታል። ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ጥፋቴን አላውቅም ነበር፤ ይህንን ለራሴ ሃያ ዓመት ሙሉ ነግሬዋለሁ። ግን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። “ድምፅ አያስጮኸውም” የሚለውን መልስ የመረጥኩት እውነት ስለሆነና ምንም ስለማይነግራቸው ነው።

ሽቦውን በፈቃዳቸው ቆርጠው በወፍጮ አሳበቡ ተብሎ ተጻፈባቸው። ከኃላፊነታቸው ተነስተው ዓባይ ቆላ ወዳለች አንዲት ጤና ኬላ ተመደቡ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ደጋው ላይ ቀሩ። ሥራውስ ይሁን፤ የባሰው ስሙ ነው። ውሸት ያበዛ ሰው ሲገኝ በዚያ አካባቢ “ይህ ደግሞ የይመር ወፍጮ ነው” ማለት ተጀመረ።

ሳምንት ሳይሞላ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ፋይሉን አወጣሁ። ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩና ፊቴን አስጠግቼ ጥግ በጥግ አየሁት። ቢጫዋ ክር እዚያው ነበረች። በመብራት መስመር የሚመጣ ማንኛውንም ረብሻ ወደ ግራውንድ አውርዳ እንድታጠፋ ያደረግኳት አንዲት ካፓሲተር ነበረች። አንድ እግሯን የተከልኩት በዚያች ተቆርጣ በቀረች ቁራጭ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለችው ካፓሲተር የምታወርድበት አልነበራትም። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር ከሞተሩ የሚወጣው ረብሻ በመብራት መስመር ገብቶ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። ሰውየው ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ለማስተካከል የጥፍር ርዝመት ያላት አንዲት ሽቦ ትበቃ ነበር።

ልነግራቸው ሄድኩ። ይህ እውነት ነው፤ ልነግራቸው ነው የሄድኩት። የመሸኛቸው ቀን ነበር። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የገብስ ዳቦ ተቆርሶ፣ ሼኹም ቄሱም ተቀምጠው ዱአ ተደረገ። ከዚያ እንደ አገራችን ወግ ጋሽ ይመር ተነስተው አንድ በአንድ እየዞሩ “አፉ በሉኝ” ይሉ ጀመር። ሩቅ የሚሄድ ሰው ያወቀውንም ያላወቀውንም በደል ይቅር አስብሎ ነው የሚሄደው። “አፉ ብለናል፣ አንተም አፉ በለን” ይሏቸዋል፤ “አፉ ብያለሁ” ይላሉ። እኔ ዘንድ ደረሱ።

“አፉ በይኝ መዲና። ባስቸገርኩሽ።”

“አፉ ብያለሁ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ ጋሼ።”

“ከልቤ ብያለሁ” አሉ፤ ከዚያ ፈገግ ብለው፣ “አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽኝና?”

በሩ ይኸው ተከፈተልኝ። ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው፤ የሳቁባቸውም፣ ስም ያወጡላቸውም።

“ሰው አይደለሁ? አይታወቅም” አልኩ።

ቆሎ ዘገኑልኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበደሌን ስም ሳልጠራ ይቅርታዬን ተቀብዬ ኖርኩ። ደግሞ እንዲህ ያለ ይቅርታ ከባድ ነው፤ ሰው ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ “ሳትፈትሹ አታትሙ” እያልኩ አስተምራለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት ከደሴ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከጋሽ ይመር ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ገጠምን። አባቷ ጡረታ ወጥተው አጅባር እንደሚኖሩ ነግራኝ ቁጥራቸውን ሰጠችኝ። ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። በየበዓሉ አወጣውና አየዋለሁ፤ ከዚያ ነገ እላለሁ።

ሰኞ ዕለት ግን ሰብለ “ምን ላድርጋት?” ብላ መልስ ትጠብቃለች። ነገርኳት። ክፍሉ ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ጀመር። ስጨርስ ሰብለ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

“ቲቸር፣ ታዲያ ነገሯቸው?”

ደወልኩ። እኛ ክፍል ኔትወርክ የሚገኘው ከመስኮቱ ሥር ብቻ ነው፤ እሱም ካልጮሁ አይሰማም። ስለዚህ በሃያ ስድስት ተማሪ ፊት እየጮህኩ ነው የተናገርኩት።

“ጋሽ ይመር! መዲና ነኝ! የመካነ ሰላሟ! ማስጠንቀቂያውን የሠራሁት!”

“አማን ነሽ ወይ መዲና? በሕይወት አለሽ?”

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር! ሰሌዳው ላይ አንድ ቦታ ሳላገናኝ ቀርቻለሁ! ወፍጮው ሲነሳ ነበር የሚጮኸው! እውነትዎን ነበር! ከመሸኛዎ ቀን በፊት አውቄያለሁ፣ ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት!”

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ከዚያ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት።

“ሰማሽ ወይ አንቺ! ወፍጮው ነበር! አላልኩም?” ሚስታቸው ከሩቅ የሆነ ነገር መለሱ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ፤ ድምፃቸው ዝግ ብሏል። “ልጄ፣ ያኔ ብትነግሪኝ ወረቀት ይሆነኝ ነበር። አሁን እንግዲህ ወሬ ነው የሚሆነኝ።”

“አዎ ጋሼ” አልኩ። መስመሩ ተቆረጠ።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኮምፒዩተራቸው ተመለሱ። ቀና ብሎ ያየኝ የለም፤ አክብረውኝ ይሁን ታዝበውኝ አላውቅም። ቀኑን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ነበሩ።

“መዲና፣ አሰብኩበት” አሉ። “በወረቀት ጻፊልኝ። ለልጆቼ ነው፤ ትልቁ ልጄ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይቀለድበታል። እንደነበረው አድርገሽ ጻፊው፤ ወፍጮው የሚለውን እንዳትተዪ።”

“እሺ ጋሼ።”

“ፊርማሽም ይኑርበት።”

መጀመሪያ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ካፓሲተር፣ ግራውንድ፣ ረብሻ የሚል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወጣኝ፤ ሳነበው ለኮሚቴው የሰጠሁትን መልስ መሰለኝ፣ እውነት ሆኖ ምንም የማይነግር። ቀደድኩት። ከዚያ ከሰብለ ጥያቄ ጀምሬ፣ የአባቴን ክንድና የራሴን ፍርሃት ሳልዘል፣ አሁን ያነበባችሁትን ጻፍኩ። አንዱን ቅጂ ነገ ወደ አጅባር በሚሄደው አውቶቡስ እልክላቸዋለሁ፤ ሌላውን ማንም ያንብበው፣ ያኔ የሳቁት ብዙ ነበሩና።

በስልክ ስናወራ አፉ ይበሉኝ አላልኳቸውም፤ እሳቸውም አፉ ብያለሁ አላሉኝም። እዚህም አልለምናቸውም፤ አንድ ጊዜ ሳይገባኝ ወስጃለሁ። ከፊርማዬ በላይ የምጽፈው እሳቸው ያዘዙኝን ብቻ ነው። ጋሽ ይመር አልዋሹም። ወፍጮው ነበር።